የተቆረጠው ፊት፦ የጣሊያን ዘመን ሥዕሎችን ለምትሰበስቡና ለምታጋሩ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የወረራውን ዘመን ፖስታ ካርድ፣ መጽሔት፣ ቴምብርና በራሪ ወረቀት ለምትሰበስቡ ወገኖች፤ እንዲሁም እነዚህን ሥዕሎች በፌስቡክና በቴሌግራም የታሪክ ገጾች ለምታወጡ አዘጋጆች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ዘንድሮ በየካቲት 12 መታሰቢያ ሰሞን ከገጾቻችሁ አንዱ «ላ ዲፌዛ ዴላ ራትሳ» (የዘር መከላከያ) የተባለውን የጣሊያን ፋሺስት መጽሔት የመጀመሪያ ሽፋን አውጥቶ ነበር። ገጹን በስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ገጽ ብቻ አይደለምና። ሽፋኑ ላይ ሦስት ፊቶች አሉ። የወጣው ግን አንዱ ብቻ ነው። የአፍሪካዊቷን ሴት ፊት ቆርጦ አጉልቶ ከሥሩ «እኛን የሚያዩን እንዲህ ነበር» የሚል ጻፈበት። ቁጣው ጎረፈ፤ ተገቢ ቁጣ ነው፣ እኔም ተቆጥቻለሁ። የቀረው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ስለቀረው ነው። (ከየካቲት 12 በቀር ቀኖቹንም ወሮቹንም ዓመቶቹንም በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ካርዶቹና መጽሔቶቹ ላይ የታተመው እሱ ስለሆነ እንዳንምታታ።)

መጽሔቱ የወጣው ነሐሴ 5 ቀን 1938 ሮም ውስጥ ነው። ዋና አዘጋጁ ቴሌዚዮ ኢንተርላንዲ ይባላል። የዝግጅት ክፍሉ ጸሐፊ የነበረው ጆርጆ አልሚራንቴ ከጦርነቱ በኋላ የፋሺስቱን ርዝራዥ ያሰባሰበው ፓርቲ መሪ ሆኖ ፓርላማ ገብቷል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይወጣል፤ ዋጋው 1 ሊሬ። እስከ 1943 ድረስ ዘልቋል። አሁን ሽፋኑን ሙሉውን እንየው። አንደኛው ፊት ነጭ የድንጋይ ሐውልት ነው፤ የግሪኩ ቀራጺ ፖሊክሊቶስ የሠራው የጦር ተሸካሚው ወጣት ራስ። ሁለተኛው ከሮማውያን ዘመን የቀረ ትንሽ የሸክላ ጭንቅላት ነው፤ አፍንጫው ተቆልምሞ ከንፈሩ ላይ ሊወድቅ የደረሰ፣ አይሁዳዊ ነው የተባለ። ሦስተኛዋ አፍሪካዊት ሴት ናት። መሀል ላይ አንድ እጅ ሰይፍ ይዞ ይከፍላቸዋል።

ሰይፉ የቆመበትን ቦታ ልብ በሉ። ነጩን ሐውልት ከሁለቱ ይለያል። በአይሁዱና በአፍሪካዊቷ መካከል ምንም የለም። ሁለቱ ከሰይፉ ወዲያ ማዶ አንድ ላይ ናቸው፤ እንዲያውም ተደራርበው። የፋሺስቱ ሠዓሊ በአንድ ወገን ያቆማቸውን እኛ በመቀስ ለየናቸው።

ሌላም ነገር አለ፤ ሽፋኑን ደጋግሜ ሳይ ነው የታየኝ። ከሦስቱ ውስጥ በሕይወት የነበረች ሰው አንዷ ብቻ ናት፤ አፍሪካዊቷ። እሷ ፎቶግራፍ ናት። ነጩ «ዘር» ተብሎ የቀረበው ድንጋይ ነው። አይሁዱ ተብሎ የቀረበው ደግሞ ድሮውንም ለፌዝ የተሠራ ሸክላ ነው። ለምን የአንድ የሮም አይሁዳዊ ፎቶግራፍ አላወጡም? ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሮም አይሁዶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ እዚያው ከተማ የኖሩ ናቸው፤ ፎቷቸውን ብታወጣው ማንኛውንም ሮማዊ ነው የሚመስለው። ልዩነቱን በዓይን ማሳየት ስላልተቻለ መሣል ነበረበት። ለአፍሪካዊቷ ካሜራ በቃ፤ ለአይሁዱ የግድ ካርቱን አስፈለገ። የጸረ አይሁድ ካርቱን ሥራ ከጥንት ጀምሮ ይኸው ነው፦ በመንገድ ላይ የማይለይ ጎረቤትን በወረቀት ላይ የሚለይ ማድረግ።

ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ያገናኘው ራሱ ሙሶሎኒ ነው። ግንቦት 9 ቀን 1936 አዲስ አበባን ይዞ ኢምፓየር አወጀ። በሚያዝያ 1937 ቅኝ ገዥው ጣሊያናዊ ከምሥራቅ አፍሪካ «ተገዥ» ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ቁጥር 880 አዋጅ ወጣ። ሐምሌ 1938 የዘር ማኒፌስቶ የተባለው ታተመ፤ አይሁዶች የጣሊያን ዘር አይደሉም አለ። በዚያው ነሐሴ መንግሥት አይሁዶችን ለይቶ ቆጠረ፤ በመስከረም ልጆቻቸውንና መምህራኑን ከትምህርት ቤት አስወጣ፤ በኅዳር ዋናው ሕግ ወጣ። ሙሶሎኒ መስከረም 18 ቀን 1938 ትሪየስተ ላይ ንግግር ሲያደርግ የዘር ጉዳይ በድንገት የመጣ አይደለም፣ ከኢምፓየሩ ጋር የተያያዘ ነው፣ ኢምፓየር በጦር ይያዛል እንጂ የሚጠበቀው በክብር ነው ሲል ተናገረ። በአዲስ አበባና በአሥመራ በጥቁሩ ላይ የተለማመደውን መለየት ወደ አገሩ መልሶ በአይሁዱ ላይ እንዳዞረው በራሱ አንደበት ነገረን ማለት ነው። እኛ የወረራ ታሪክ ስንጽፍ ይህን ንግግር ስለማንጠቅሰው ይገርመኛል።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ነገሩ ቀላል መስሎ እንዳይታይ። ታኅሣሥ 18 ቀን 1935 የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሲሰጡ የጣሊያን አይሁዶችም ሰጥተዋል፤ ከምኩራብ ወርቅ ወጥቷል። በእኛ ላይ የዘመቱ አይሁዳውያን መኮንኖችም ነበሩ። ይህን የምለው «ይበላቸው» ለማለት አይደለም። ያንን ቀለበት የተቀበለው መንግሥት ሦስት ዓመት ሳይሞላ የሰጪዎቹን ልጆች ከክፍል አስወጣ። በጥቅምት 16 ቀን 1943 ደግሞ ጀርመኖች ሮም ላይ ቤት ለቤት ገብተው ከሰበሰቧቸው ከ1,000 በላይ ሰዎች አውሽቪትዝ ወደተባለው የናዚ መግደያ ካምፕ ተጭነው ሄዱ፤ የተመለሱት 16 ናቸው።

አሁን ወደ ገበያው ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ ዕቃውን የምታገኙት ከዚያ ነውና። ሮም ውስጥ እሁድ እሁድ ፖርታ ፖርቴዜ የሚቆመውን ገበያ የሄደ ያውቀዋል፤ ያ ቤት ለቤት አፈሳ ከተደረገበት ሠፈር በእግር የሚደረስ ነው። የአሮጌ ወረቀት ነጋዴዎቹ ካርዶቻቸውን በጫማ ካርቶን ደርድረው መለያ ይሰኩበታል። አንዱ ላይ «ኮሎኒዬ» (ቅኝ ግዛቶች) ተብሎ ተጽፏል፤ የእኛ ሰዎች ጎንበስ ብለው የሚፈትሹት እሱን ነው። ጸረ አይሁዱ ሌላ ካርቶን ውስጥ ነው፤ «ፋሺዝሞ» ወይም «ፖለቲካ» ከሚለው፤ የሚገዛውም ሌላ ዓይነት ሰው ነው። አንዳንዴ ሻጩ ከጠረጴዛ ሥር ነው የሚያወጣው። እኛ ከአንደኛው ካርቶን ገዝተን እንሄዳለን፤ ሌላውን ሳንከፍተው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ ለአንድ መንግሥት የተሣለውን ለሁለት የከፈለው የሻጩ መለያ ነው፤ እኛም መለያውን እንደ ታሪክ ወሰድነው።

«ኮሎኒዬ» ውስጥ ያለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጣሊያናዊው ካርቱን ሠዓሊ ኤንሪኮ ዴ ሴታ በ1935 እና 36 ለዘማች ወታደሮች የሠራቸው ካርዶች በየገጾቻችሁ አሉ። በአንዱ ወታደሩ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ፣ በገመድ የተጠቀለለች ጥቁር ሴት እንደ ጥቅል አስቀምጦ፣ ለጓደኛዬ የአፍሪካ ማስታወሻ ልልክለት ነው ይላል። በሌላው ወታደሩ የተባይ መርጫ ፓምፕ ይዞ ጦረኞቻችን ላይ ይረጫል። ካርዱ ሲሸጥ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከታኅሣሥ 1935 ጀምሮ እውነተኛውን የመርዝ ጋዝ እየረጩ ነበር። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ መስመሩ ክብ ክብ፣ ፊቶቹ እንደ ልጆች መጫወቻ። የሚያስቅ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው፤ አስፈሪነቱም እዚያ ላይ ነው።

የተራ ወረቀት ጉልበት እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ትንሽ ልቆይበት። ንግግርን ሰው ይሟገተዋል። መጽሐፍን ሳይገዛው ይቀራል። ፖስታ ካርድ ግን ከፊቱ ተባይ መርጫ፣ ከጀርባው «እማዬ ደኅና ነኝ፣ አታስቢ፣ ለትንሿ ሳሚልኝ» የሚል ይዞ ነው የሚደርሰው። እናትየው የምትጠብቀው የልጇን እጅ ጽሑፍ ነው፤ ሥዕሉን በመንገድ ታያለች፣ ከመስተዋት ጠርዝ ትሰካዋለች፣ ጎረቤት ያየዋል። ማንም ስለ ሥዕሉ አስተያየት ጠይቆ አያውቅም። በፍቅር ተጠቅልሎ ነው የገባው።

ጸረ አይሁዱም በዚሁ በር ነው የገባው፤ ደግሞም ከእኛው ቀድሞ። ፍራንክፈርት ውስጥ የነበረው ኮልነር ሆፍ የሚባል ሆቴል በ1890ዎቹ አይሁድ የማይገባበት መሆኑን የሚኩራራበት ፖስታ ካርድ ለእንግዶቹ ያቀርብ ነበር። እንግዳው ከጀርባው «አየሩ ጥሩ ነው» ብሎ ጽፎ ይልካል። ፈረንሳይ ውስጥ በ1894 አልፍሬድ ድሬይፈስ የተባለው አይሁዳዊ መኮንን በሐሰት ሰላይ ተብሎ ከተፈረደበት በኋላ፣ ከ1899 ጀምሮ «የአስፈሪዎች ሙዚየም» የሚል ተከታታይ ባለቀለም ፖስተር በፓሪስ ወጣ፤ ሰውየውን ባለብዙ ራስ እባብ አድርጎ፣ ደጋፊዎቹን አሳማና ዝንጀሮ አድርጎ። ሰውየው ነጻ መሆኑ የታወጀው በ1906 ነው፤ ፖስተሩ ግን ዛሬም በጨረታ ይሸጣል። በ1923 የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ ናዚዎች ማንም የማይፈልገውን የብር ኖት እየሰበሰቡ በባዶው ጎን የአይሁድ ካርቱን አተሙበት። ይህንን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል፤ ኖቱ ዳቦ አይገዛም፣ ነገር ግን ሰው ገንዘብ መሬት ላይ ሲያይ ጎንበስ ማለቱ አይቀርም። ቴምብር ሰብሳቢዎችም ጀርመን በያዛት ቤልግሬድ በ1941 የተደረገውን፣ ፍሪሜሶን በተባለው ምስጢራዊ ማኅበርና በአይሁድ ላይ ያነጣጠረውን ኤግዚቢሽን ለማስታወስ በጥር 1942 የወጡትን የሰርቢያ ቴምብሮች አይታችኋል። ቴምብሩ በሚወጣበት ወር የሰርቢያ አይሁድ ወንዶች አብዛኞቹ ተረሽነው አልቀዋል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን። «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም፣ ሥዕሉ ለእኛ ባዕድ ነው» የሚል መልስ ከአንዱ አዘጋጅ ደርሶኛል። ባዕድነቱ እውነት ነው፣ ዓይናችን ግን ባዕድ አይደለም። ማንኛችንም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ቆመን ያደግን ነን። በጥንቱ የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ በጎን፣ በአንድ ዓይን። በስቅለቱ ሥዕል ላይ ጌታን የሚያስሩትና የሚገርፉት በአንድ ዓይን ናቸው። ሠዓሊው የአውሮፓን ጋዜጣ አይቶ አያውቅም፤ የሱ ሥራ የፖለቲካ በራሪ ወረቀት አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ናቸው አልልም። የምለው በጎን ከተሣለ የሰው ፊት ላይ ክፋትን ማንበብ ሳንማር የምናውቀው ነገር ነው፣ ስለዚህ ያ የተቆለመመ አፍንጫ ሲመጣ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። በዚያ ላይ ጎንደርና ሰሜን ውስጥ የቤተ እስራኤልን አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ስንል የኖርን ሰዎች ነን። ያንን ሥዕል ማንም አላተመውም፤ በቃል ነበር። ማረሻውን ግን ከእሱው እንገዛ ነበር።

ሁለቱ ፊቶች በአንድ ሰው ላይ የተገናኙበት ታሪክ ደግሞ አለን፤ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። መምህር ታምራት አማኑኤልን አስቡ። የቤተ እስራኤል ተወላጅ ናቸው። ዣክ ፋይትሎቪች የተባለው ምሁር በወጣትነታቸው ወደ አውሮፓ ወስዷቸው ፓሪስ ተማሩ፤ ከዚያም ፍሎረንስ፣ ጣሊያን አገር፣ በረቢዎች (የአይሁድ ሃይማኖት መምህራን) ኮሌጅ። ጣሊያንኛቸው የተማረ ሰው ጣሊያንኛ ነበር። ተመልሰው በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት መሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሸሽተው ተሰደዱ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሰው አገራቸውን አገለገሉ። የ1938ቱን ሽፋን እኚህ ሰው እጅ ላይ አስቀምጡት። የቱን ፊት ነው የምትቆርጡላቸው? ሸክላውን ብታስቀሩ ግማሻቸው ነው፤ ሴቲቱን ብታስቀሩ ግማሻቸው ነው። አዲስ አበባ፣ ወይም እስራኤል አገር ናታንያ ወይም ሪሾን ሌጺዮን ሆኖ ገጻችሁን የሚከታተል የቤተ እስራኤል ልጅ አማርኛ አንባቢ የለም ብላችሁ ካልገመታችሁ በቀር፣ የምትለጥፉትን በእነሱ ዓይን ለማየት ይህ በቂ ነው።

ደብዳቤውን ያስቸኮለኝ ግን የፊቱ መቆረጥ ብቻ አይደለም። ያ አፍንጫ አሁን በቴሌግራም ስቲከር ሆኖ በአማርኛ ግሩፖች ይዞራል፤ እጁን እያሻሸ የሚስቅ ባለ ጢም ሰው። ሲላክ አይቻለሁ፤ አንዳንዴ ስለ ዶላር ምንዛሪ በሚደረግ ጭቅጭቅ፣ አንዳንዴ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ወይም ባለሥልጣን ፊት በፎቶሾፕ ተለጥፎበት፣ አፍንጫው ተጎትቶ። ላኪው አይሁድን አልሰደብኩም ይላል፤ ምናልባትም አላሰበው ይሆናል። ሥዕሉ ግን የመጣበትን አልረሳም። መልእክቱ ያው ነው፦ የተቸገርከው በዋጋ ንረት ወይም በመጥፎ ፖሊሲ ሳይሆን በሚስቀው በዚህ ሰው ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ ከእኛ አይደለም። ቦታውን ለሌላ ብሔር፣ ለሌላ ሃይማኖት፣ ለሌላ ሰፈር ሰው ማከራየት ቀላል ነው። እኛ አገር ውስጥ ሰውን ከሰው ለመለየት ፊት ማየት ምን እንዳስከተለ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የምጠይቃችሁ ሥዕሎቹን እንድትደብቁ አይደለም። የዴ ሴታን ካርድ መደበቅ የመርዙን ጋዝ መደበቅ ነው፤ ጸረ አይሁዱም እንደዚያው። ሽፋን ስታወጡ ሙሉውን አውጡ፤ ቀኑን፣ ከተማውን፣ አዘጋጁንና ዋጋውን አብራችሁ ጻፉ፣ ዋጋው ለማን እንደታሰበ ይናገራልና። ፖስታ ካርድ ከሆነ ጀርባውን ጭምር። ካርድ ያለ ጀርባው ፌዝ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ጋር ግን ማን ለማን እንደላከው፣ በየትኛው የጦር ፖስታ ቤት ማኅተም እንዳለፈ፣ ሳንሱር እንዳየው የሚያሳይ ሰነድ ነው። በሥዕሉ ላይ የገጻችሁን ስም በትልቁ ከማተም ይልቅ «የፋሺስት ፕሮፓጋንዳ፣ 1938» የሚል ጽሑፍ ፊቱን አቋርጦ ይለፍበት፤ ተቆርጦ ስቲከር ለመሆን ያስቸግራል። በአስተያየት መስጫው ላይ «ልክ ብለዋቸዋል» የሚል ሲመጣ ዝም አትበሉ። የእኛን ሰው ዝንጀሮ ላለ አስተያየት እንደምታደርጉት አጥፉት።

ነጋዴው ሁለቱን ካርቶን ካመጣላችሁ ደግሞ ሁለተኛውንም ክፈቱ። ግዙ አላልኩም፤ ከእነዚህ ወረቀቶች አንዳንዶቹ የሚሸጡበት ዋጋ ራሱ ገበያ ይፈጥራል፣ አዲስ ኮፒ እያተመ በሻይ ቀለም አርጅቶ የሚሸጥም አለ። ግን እዩት። የአሳታሚውን ስም፣ የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ከዳር በትንሹ የተጻፈውን አንብቡና ቤታችሁ ካለው የ«ኮሎኒዬ» ካርድ ጋር አስተያዩ። ብዙ ክምችት ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ የማይፈልጉት ከሆነ፣ በኢባይ ከመበተኑ በፊት ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን አነጋግሩ። ሁለቱም ዓይነት በአንድ ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥ አሳስቧቸው፤ ይህን መስፈርት አድርጋችሁ ስጡ።

ከጀርባ ያለው የጣሊያንኛ እጅ ጽሑፍ አስቸጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ የደበዘዘ፣ አንዳንዴም በደቡብ ጣሊያን ቀበልኛ። ፎቶ አንስታችሁ በዚህ ጽሑፍ ሥር ከለጠፋችሁልኝ የማነበውን ያህል አነባለሁ። የላኪና የተቀባይ ስም ያለበትን መስመር ብቻ ሸፍኑት፤ የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ። የፊቱን ሥዕል ግን ሳትቆርጡ ላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሮም የሚኖር አንድ የአሮጌ ወረቀት ሰብሳቢ